ሰባ አራት ላይ ገበያ አለ

ቢስክሌት መንዳት አልችልም። ይህን ከመነሻው የምናገረው፣ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ከምትታዘቡኝ ራሴው ልቅደም ብዬ ነው። በልጅነቴ አንዴ ተከራይቼ ሞክሬ የሰው አጥር ውስጥ ገባሁ፤ ሊያወጡን የመጡት ሰዎች መጀመሪያ ያነሱት ቢስክሌቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ይህም ሆኖ ክልላችንን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን የስድስት ቀን የቢስክሌት ጉዞ መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ሰው የት እንደሚያድር፣ የት አረፍ እንደሚል፣ የት ውሃ እንደሚጠጣ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ ሦስቱ አንዷ ልጄ ነበረች።

ሥራዬ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳትነት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሜ ትኬት ቆርጫለሁ፣ ዕቃ ጭኛለሁ፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያልኩ ጉሮሮዬን ጨርሻለሁ። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። የሚሄድበት የሌለው ሰው ሰዓት ምን እንደሚያደርግለት ሸላሚዎቹ አልነገሩኝም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ጀመር። ቤቴ ቀዝቅዟል። በሥራ ዘመኔ በየሦስት ቀኑ ስገባ ቤቱ ሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው፤ መብራቱ በርቶ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ፣ ልጆቹ ታጥበው፣ ባለቤቴ በሳቅ ተቀብላኝ። አሁን ግን ባለቤቴ ወይ ትተኛለች፣ ወይ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ዝም ትላለች። "ምን ነካሽ? ተለወጥሽ እኮ" ብላት "ምንም" አለችኝ። ጡረታ ሰውን ያስንቃል ማለት ነው ብዬ ተቀየምኩ። ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ መናኸሪያ መዋል ጀመርኩ። የማይሳፈር ሰው መናኸሪያ ውስጥ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ ምንም። አዳዲሶቹን ረዳቶች አማለሁ።

በዚህ መሀል ነው ልጄ የቢስክሌት ማኅበሯን ሊቀ መንበር ይዛብኝ የመጣችው። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሲያነጋግራችሁ ዓይኑ አፋችሁ ውስጥ ነው።

"ስልኩ መንገዱን ያሳየናል፣ ጋሼ" አለኝ። "ግን ውሃ የት እንዳለ፣ ውሻ የት እንደሚያባርር፣ አስፋልቱ የት ጋ እንደተበላሸ አያውቅም። ልጅዎ እርስዎን ጠይቁ አለችን።"

"ምን የማላውቀው አለ!" አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

ማወቁንስ አውቃለሁ። ችግሩ የማውቅበት መንገድ ነው። እኔ ርቀት የምለካው በካሴት ነው፤ ሾፌራችን ዘፈን ካልሰማ የማይነዳ ሰው ስለነበር፣ ከድልድዩ እስከ ኬላው የካሴት አንድ ፊት፣ ከኬላው እስከ ጫካው መውጫ ሁለቱም ፊት ብዬ ነው የያዝኩት። ዳገትን ደግሞ በማርሽ። በሦስተኛ የሚወጣ አለ፣ በሁለተኛ የሚወጣ አለ፣ በአንደኛ እየጮኸ የሚወጣ አለ። የጥርስ ሐኪሙ ሁሉንም በትዕግሥት ወደ ኪሎሜትር ሲመልስ ቆየና "ይሄ ሁለተኛ ማርሽ ያሉት ለእኛ ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ወርዳችሁ ትገፋላችሁ" አልኩት። በዚህስ አልተሳሳትኩም።

ስድስት ትልልቅ ወረቀት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ለየቀኑ አንድ። ዳገት በቀይ፣ ውሃ በሰማያዊ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበሩ ሰዎች እየመጡ ወረቀቶቹ ፊት ይቆማሉ፤ እኔ በተማሪ ማስመሪያ እየጠቆምኩ አስረዳለሁ። ቤቱ በሰው ሞላ። ባለቤቴ እንኳ ተነስታ ሻይ አፈላች፤ አንድ ሁለቴም ስትስቅ ሰማኋት። ይህ መስመር ከተሳካ ቤቴ እንደ ድሮው ይሞቅልኛል አልኩ በልቤ። ለሰው ስለ ስፖርትና ስለ ጤና ብዙ አወራሁ እንጂ እኔ የፈለግኩት እሱን ብቻ ነበር።

ከስድስቱ ቀን ከባዱ አራተኛው ነው፤ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎሜትር። ከባድ መኪና እንዳይጋፋቸው ብዬ አሮጌውን መንገድ መረጥኩላቸው፤ ዛፍም ሰውም የሌለበት ሜዳ ነው። አሮጌው መንገድ ከአዲሱ ጋር የሚገናኘው ሰባ አራተኛው ኪሎሜትር ላይ ነው። ቦታው ድንጋዩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር በቀር ስም ስለሌለው እኛም ሰባ አራት እንለዋለን። አውቶቡሳችን በአዲሱ መንገድ መጥቶ እዚያ ለእረፍት ይቆምና ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል። በሩን ስከፍት ያለው ግርግር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ በቴርሞስ የተያዘ ሻይ፣ ጫማ ሰፊ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው። ወረቀቱ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ክብ ሠራሁና በጎኑ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሰባ አራት ላይ ገበያ አለ። ከሁለት ኮዳ በላይ ውሃ አትያዙ፤ ክብደት ነው።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ የጥርስ ሐኪሙ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው የቆምኩበት!" አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝም ወረቀትም ሆኜ ቀረብኩ።

ቢስክሌቶቹን በጭነት መኪና ወደ ክልሉ ጫፍ ወስደው፣ ከዚያ ወደ ከተማችን እየነዱ መምጣት ጀመሩ። ሦስቱ ቀን ሰመረ። ልጄ ማታ ማታ እየደወለች "አባዬ፣ ውሻው እንኳ ያልከው ቦታ ላይ ነበር" ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ባለቤቴ "ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዴ መናኸሪያ ሄድኩ። የድሮው ሾፌሬ ሞተር እያሞቀ ነበር። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ጡሩምባ እንለዋለን፤ ሰው በሌለበት ጋራ ሥር ሁሉ ጡሩምባ ስለሚነፋ። "ለድንጋይ ነው የምትነፋው?" እያልኩ ዘመኔን ሙሉ ሳሾፍበት እሱ ሳቅ ብሎ ያልፈኛል።

"ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ልጄና ጓደኞቿ ሰባ አራት ይደርሳሉ" አልኩት። "ሻያቸውን ጠጥተው፣ እንቁላላቸውን በልተው..."

"ስንት ሰዓት ላይ አልክ?"

"ስምንት።"

ሞተሩን አጠፋው። "በስምንት ሰዓት ማን አለና?"

"ገበያው ነዋ!"

"የምን ገበያ? እኛ አራት ሰዓት ላይ ስንደርስ የሚመጡ፣ ስንነሳ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው እኮ! ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ አይተህ አታውቅም?"

አላየሁም። እሱ ወደ ኋላ የሚያይበት መስታወት አለው። እኔ ገና አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ በሩን ዘግቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰው እቆጥራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላችን ምን እንደሚቀር አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም። 

ለልጄ ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም። ለጥርስ ሐኪሙ ደወልኩ፤ ያው። አሮጌው መንገድ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ራሴው ነኝ፤ ትክክል የሆንኩበትን ነገር የረገምኩት ያን ቀን ነው። በሁለት ሁለት ኮዳ ውሃ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሰባ አራት ኪሎሜትር። ከዚያ ወዲያ ሌላ አርባ አራት። 

አውቶቡስ ከሚያጥበው ሰውዬ አራት ጄሪካን ለምኜ ተቀበልኩ። አንዱ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝና መልሼ በሌላ አስቀየርኩት። ሞልቼ ጣሪያ ላይ አስጫንኩ። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር በሩ ጋ ደረጃው ላይ ቆምኩ። አዲሷ ረዳት ገና ስታየኝ "አባት፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉ፤ በር አይዝጉ" አለችኝ። ልክ ናት። እንዴት እንደሚያናድድ ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ሰባ አራት ደረስን። በሩ ሲከፈት ያው ግርግር! እንቁላሉ፣ ብርቱካኑ፣ ሻዩ፣ አግዳሚ ወንበሩ። ልቤ መለስ አለ። ወደ ጡሩምባ ዞሬ "ይኸው! የታለ የለም ያልከው?" አልኩት። እሱ ጄሪካኖቹን አብሮኝ አወረደ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ተነሳ።

አቧራው ገና መሬት ሳይዝ መጠቅለል ተጀመረ። ጫማ ሰፊው ሳጥኑን ዘጋ። ወንበሮቹ ሰው ራስ ላይ ወጡ። ቴርሞሶቹ በዘንቢል ገቡ። ደግሞ ያ ስመካበት የነበረው ጥላ! ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩት። ጥላው የአውቶቡሱ ነበር። አብሮ ሄዷል።

"ረዳት! ጥሎህ ሄደ እኮ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንቁላል የምትሸጠው ሴት ናት፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት "የእንቁላሏ" ነው የምላት። ቅርጫቷን አንስታ ደንግጣ ታየኛለች። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ቅርጫቷን መልሳ አስቀመጠች።

"ከየት ነው የምትመጡት?" አልኳት።

"አሁን ነው የምትጠይቀኝ?" አለችኝ። "ከጋራው ጀርባ። በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ጡሩምባውን ስንሰማ እንነሳለን። ሰውዬው ደግ ነው፤ ገና ከማዶ ጀምሮ ነው የሚነፋልን፤ አውቶቡሱ ጋራውን ዞሮ እስኪመጣ እንደርሳለን።"

ለድንጋይ ነው የምትነፋው እያልኩ ስንት ዓመት ሳቅኩበት!

ጃንጥላዋን ሰጠችኝ። ሌላ ምን ታድርግ፣ ልጆቿ ይጠብቋታል። ጥቂት ሄድ ብላ ዞር አለችና "መመለሻህስ?" አለችኝ። የመልሱ አውቶቡስ ነገ ነው። ይህንንም አላሰብኩበትም። መንገድ አውጪ ማለት እንዲህ ነው።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት፤ ሰባት። ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ጃንጥላ ይዤ አሮጌውን መንገድ አየዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ መጸለይ ጀመርኩ፤ የምጸልየው ጠፍቶብኝ "ጠጋ ጠጋ አድርጋቸው" ስል ራሴን ሰማሁት። ስምንት ተኩል ላይ ሁለት ጄሪካን አንጠልጥዬ ላገኛቸው ተነሳሁና መቶ እርምጃ ሳልሄድ ወገቤ ያዘኝ። ክብደት ነው ብዬ የጻፍኩት ያኔ ገባኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄን በገዛ እጄ፣ በባለ ቀለም እርሳስ የገደልኳት ነበር የመሰለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ታዩኝ። አንዳቸውም ኮርቻ ላይ አልነበሩም፤ ሁሉም እየገፉ ነው የሚመጡት። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። አንዷ መምህርት በሁለት ሰው ተደግፋለች። ልጄ መጨረሻ ላይ ናት፤ የራሷንና የመምህርቷን ቢስክሌት በሁለት እጇ ይዛ ትገፋለች። መቁጠር የለመደ ሰው ነኝና ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስት። ሁለተኛም ቆጠርኩ።

ጠጡ። ራሳቸው ላይ አፈሰሱ። ደግመው ጠጡ። መምህርቷ ዓይኗን ገለጠች። የጥርስ ሐኪሙ ትንፋሹ ሲመለስ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ጋሼ! ይሄንንም አስበውበታል! እዚህ ድረስ ራስዎ ይዘውልን ይመጣሉ? እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላየሁም!"

አልዋሻችሁም፤ ምስጋናው ጣፈጠኝ። ዝም ብል ሳሎኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሞላ ይቀር ነበር። አንድ ኮዳ ውሃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል ዝም አልኩ። ልጄ ግን ባዶውን ሜዳ ዙሪያውን አየችና "ገበያው የታለ?" አለችኝ።

"ገበያ የለም" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አውቶቡስ ሲመጣ ብቻ ነው ያለው። ስንሄድ ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ ባይነግረኝ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ስኮራባችሁ እናንተ እዚህ ትወድቁ ነበር። ደግሞም እወቁት፤ እኔ ቢስክሌት ነድቼ አላውቅም።"

 የጥርስ ሐኪሙ እጄን ለቀቀ። ኮዳውን ከደነና "የነገውንና የከነገ ወዲያውን ወረቀት ሾፌሩ ይየው" አለ። ተገቢ ነው። አንዱ ሲስቅ ሌሎቹም ሳቁ፤ ከድካም ይሁን ከንዴት አልገባኝም።

ፀሐይዋ እስክትበርድ ጋደም አሉ። ልጄ ጃንጥላው ሥር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቅርታ ልላት ስል እሷ ቀደመችኝ።

"ቤትም እኮ እንዲህ ነበር፣ አባዬ።"

"የቱ ቤት?"

"የኛ ቤት። ጡሩምባው ከመታጠፊያው ሲሰማ እማዬ ከአልጋ ትነሳለች። ፊቷን ትታጠባለች፣ እኛን ታጥባለች፣ መብራት አብሩ፣ ሬዲዮ ክፈቱ፣ አባታችሁ ፊት አትጣሉ ትለናለች። አንተ ስትገባ ቤቱ ገበያ ነው። ስትሄድ ተመልሳ ትተኛለች። እራት የምሠራው እኔ ነበርኩ።"

"ታማ ነበር?"

"እንጃ። ልጅ ነበርኩ፤ እሷም አትናገርም። ብቻ አሁን የጀመራት አይደለም። ተለወጠች ስትል ስለምሰማህ ነው የምነግርህ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

 "በጣም ደስ ብሎህ ነበር የምትገባው" አለችኝ።

 ጉልበቷ ላይ ያለውን አቧራ አራገፍኩላት፤ እሷም አልከለከለችኝም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኮዳዎቻቸውን ሞልተው፣ ባትሪያቸውን አስረው ሄዱ። በአዲሱ መንገድ ከባድ መኪና የሚያልፈው ፀሐይ ሲበርድ ስለሆነ ቢደክሙ የሚጭናቸው አያጡም። መታጠፊያው እስኪሰውራት አየኋት፤ ከዚያም በኋላ ቆሜ ቀረሁ።

ሊመሽ ሲል የእንቁላሏ ጋራውን ወርዳ መጣች። "ምንድን ነው፣ እዚህ ልትሰፍር ነው?" ብላ ጄሪካኖቹን ተጋርታኝ ወደ ሰፈሯ ይዛኝ ወጣች። ስሟንም መንገድ ላይ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ጋራው ጫፍ ላይ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ለባለቤቴ ደወልኩ። ጠዋት ከመናኸሪያ ደውዬ የነገርኳትን ይዛ ስትጨነቅ ነው የዋለችው።

"ልጅቷስ?"

"ጠጥታ ሄደች። ሁሉም ደህና ናቸው።"

"ተመስገን።" አለች። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስትጠይቀኝ የኖረችውን ጠየቀችኝ። "መቼ ትደርሳለህ?"

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እንደ ናፍቆት ነበር የምሰማው። ናፍቆትም ሳይኖርበት አይቀርም። ሰዓቱን የምትፈልገው ግን ለመነሳት ነው።

"አልነግርሽም" አልኳት። "ዝም ብዬ እመጣለሁ። ተኝተሽ ከሆነም አትነሺ፤ እኔ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።"

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም። መልሼ ስሰማ እያለቀሰች ነበር።

"አሞሃል እንዴ?" አለችኝ።